ያልነበርኩበት ትዝታ፦ አሮጌ ሞተር ሳይክሎችና ቤተሰቦቻቸው በጅግጅጋ

ባለፈው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ የቃል ታሪክ ትምህርት ስንወስድ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። «ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡና ዕቃው የማንን ታሪክ እንደሚናገር ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ» የሚል ነው። ጓደኞቼ ጀበና፣ የአያት ጎራዴ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ መረጡ። እኔ ሞተር ሳይክል ስል ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ማነው የሚነዳው?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። «እንግዲያው እሱን ጻፍ» አሉ።

ጅግጅጋ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ ያማሃ ዲቲ 125 አለ። የአባቴ ነው። አባቴ በ2013 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ አስነሥቶት የሚያውቅ ሰው የለም። የቤት ሥራው በተሰጠን ሳምንት ታላቅ ወንድሜ (እኛ ቤት «ወንድም ጋሼ» ነው የሚባለው፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል) ደወለና ከድሬዳዋ ገዢ ማግኘቱን፣ ቀብድም መቀበሉን ነገረኝ። ስልኩ ላይ ጮኽኩበት። ለምን ብትሉ፣ ከልጅነቴ አጥርቼ የማስታውሰው አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ሞተር ላይ የተቀመጥኩበት ቀን ነው። አባቴ ከፊቱ አስቀምጦኝ፣ እጄ የፊተኛውን የዕቃ መጫኛ ብረት ጨብጦ፣ ከኋላችን ሰማያዊው የበረዶ ሣጥን ታስሮ፣ ከፊታችን ካራማራ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር የሜዳው ጥቁር አፈር ይሸታል። እንዲህ ያለውን ነገር በብር የሚለውጥ ወንድም አለኝ ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ በኋላ ደብተርና መቅጃ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሞተሮቹን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1 የተባለውን ባለ 250 ሲሲ ሞተር ሲያወጣ፣ አስፋልትም ሆነ ጭቃ ላይ የሚሄድ ቀላል ሞተር ለተራው ሰው ደረሰ። ዲቲ 125 የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ኤጂ 100 መጣ፤ «ኤጂ» እርሻ ለማለት ነው። ለገበሬና ለከብት አርቢ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ካቴናው ጭቃ እንዳይገባበት ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ መሪው ላይ የእጅ መከላከያ ብረት አለው፤ ከፊትም ከኋላም ፖርታ ባጋሊዮ አለው፤ ተዳፋት ላይ እንዳይወድቅ በሁለቱም ጎን መቆሚያ ተሠርቶለታል። እነዚህን ዝርዝሮች አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ ይፈርዱብኛል። የሁለቱም ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ ይቃጠላል፣ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ ድምፁ ስል ሆኖ ከሩቅ የሚሰማውም በዚሁ ነው። አማርኛው «ዶቅዶቄ»፣ ሶማልኛው «ዱግዱግሌይ» ይለዋል። ሁለቱም ስም ከጆሮ የመጣ ነው እንጂ ከዓይን አይደለም፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እንግዲህ በሌላው ዓለም አሮጌ የጭቃ ሞተር መውደድ ራሱን የቻለ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር ከኋላ ሁለት አሞርዛተር ላላቸው አሮጌ ሞተሮች ብቻ የተለየ የውድድር ምድብ አላቸው፤ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ልጅ ሆኖ ያየውን ሞተር ፈልጎ፣ ገዝቶ፣ ጭቃ ውስጥ ይዞት ይገባል። ጅግጅጋ እንዲህ ያለ ማኅበርም ውድድርም አላየሁም። ያለው ጋራዥ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ የቀድሞ የግብርና፣ የጤና፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ዲቲ ይሻላል ኤጂ፣ ወይስ የሆንዳው ኤክስኤል፣ ወይስ ሱዙኪ ቲኤስ እየተባባሉ እስከ መግሪብ ይከራከራሉ። ዛሬ ከተማውን የሞላው ባጃጅ ነውና ልጆቻቸው ይስቁባቸዋል። ሐረሬዎች ስለ ፔጆ 404 ታክሲያቸው ሲያወሩ የሰማ ሰው ወሬውን ያውቀዋል።

ግን የእኛዎቹ ሞተሮች ለመዝናኛ የመጡ አይደሉም። በ1970 ዓ.ም. መስከረም ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር ተይዛ፣ የካቲት 26 ቀን ነፃ እስክትወጣ የተደረገው ጦርነት አካባቢው ላይ ፈንጂ ዘርቶ ሄደ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ሐርጌሳ ስትደበደብ ስደተኛው በመቶ ሺዎች ድንበር ተሻግሮ ሐርተሼክ ሠፈረ፤ ሠፈሩ በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ያ ሜዳ እንደ ከተማ ነበር። መኪና የማይደርስበት፣ ደርሶም ከጥቁሩ አፈር የማይወጣበት ቦታ ሁሉ በሞተር ይደረስ ነበር። ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ ሐርተሼክ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ አውበሬ።

አባቴ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ደብረ ዘይት ተምሮ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጅግጅጋ ተመደበ። ሥራው ክትባት ነው፤ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ከሁሉም በላይ የደስታ በሽታ። የደስታ በሽታ ማለት በ1880ዎቹ የአገሩን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ ያመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 መላ አፍሪካን ያካተተ ዘመቻ ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር ጠፋ ተብሎ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋው በሽታ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ፈንጣጣ፣ ሁለተኛው ይህ። ክትባቱ ደርቆ በብልቃጥ ይመጣል፣ በረዶ ይፈልጋል፣ አንዴ ከተበጠበጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተወጋ ይደፋል። የበረዶ ሣጥን የጫነ ሰው መንገድ ላይ የሚቸኩለው ለዚህ ነው። እኔ ሰማያዊ ሣጥን እያልኩ የማሞካሸው ነገር ለአባቴ ሰዓት ነበር፤ በረዶው ሲቀልጥ ጊዜው ያልቃል።

አራት ቤት ገብቼ ጠየቅኩ። ሦስቱ ጅግጅጋ፣ አንዱ ቀብሪበያህ ነው። በቃለ መጠይቅ ለተቸገራችሁ የምመክረው ነገር ቢኖር ሰውየውን ሳሎን አስቀምጣችሁ አትጠይቁ። ዕቃው ጋ ውሰዱት። አንድ የቀድሞ የወባ መከላከያ ሠራተኛ ሳሎን ውስጥ «ጥሩ ነበር፣ ደህና ነበር» ብቻ ሲሉኝ ቆዩ። ሞተሩ ጋ ወጥተን እጃቸው ፍሪሲዮኑን ሲጨብጥ ግን ጣታቸው ራሱ አስታወሰ፤ የትኛው ወንዝ ላይ ማርሽ እንደሚቀንሱ፣ ካንዴላው ሲጠቁር በምን እንደሚጠርጉት፣ ካላማዳሪያ ሲቀደድ ጎማው ውስጥ ሣር ጠቅጥቀው እንደገቡ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ።

ሌላው ቤት ልጁ ሞተሩን አድሶታል። ሰልባትዮውን ቀብቶ፣ ከዱባይ ተለጣፊ አስመጥቶ፣ ማርሚታውን አስነክሎ፣ አዲስ አስመስሎታል። ያምራል፣ አልዋሽም። እኅቱ ግን ሞተሩን ስታይ እንዳለቀሰች ነገረችኝ፤ በደስታ አልነበረም። ሰልባትዮው ላይ አባታቸው በምስማር የጫሩት የሦስቱ ልጆች ስም መጀመሪያ ፊደል ነበረ፤ ቀለሙ ደፈነው። ልጁ «እኔ እንደ ድሮው ነው ያደረግኩት» ይላል። እሷ «የእኛ ድሮ እንደዚህ አልነበረም» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ትምህርቱን ላምጣው። ኖስታልጂያ የሚለውን ቃል የፈጠረው እንደኛው ተማሪ ነበር። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1688 ባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት ገጣጥሞ ከአገራቸው የራቁ ስዊዞች የሚይዛቸውን በሽታ ሰየመበት። እኛ ከበሽታ ይልቅ ዜማ አደረግነው፤ ትዝታ የቅኝት ስም ነው። ስቬትላና ቦይም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ ናፍቆትን ሁለት ዓይነት ብላ ከፍላዋለች። አንደኛው የጠፋውን ቤት እንደነበረ መልሶ ለመሥራት ይነሣል። ሁለተኛው ቤቱ እንደማይመለስ ያውቃል፤ ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ያስባል። ልጁና እኅቱን ሳይ ቦይም ይህን ቤት ያየች መሰለኝ። እኔም ራሴን ያለ ጥርጥር ከእኅትየው ወገን አስቀመጥኩ፤ ጭረቱን የምወድ፣ እውነተኛውን የምጠብቅ። ትዕቢት ነበር።

ቀብሪበያህ የሄድኩት የአባቴን የድሮ የሥራ ባልደረባ ለማግኘት ነው። አደር እንላቸዋለን፣ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። አስተርጓሚም፣ መንገድ መሪም፣ ከአባቴ ኋላ የበረዶ ሣጥኑን ደግፈው የሚቀመጡም እሳቸው ነበሩ። ሞተር የላቸውም፤ የቀራቸው የጎን መስታወት ብቻ ነው፣ ጢማቸውን ያዩበታል። እንዲህ አሉኝ፦ «አባትህ ከብቱ ጋ ሳንደርስ ሞተሩን ያጠፋል። እንገፋለን፣ በፀሐይ። መጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሰምቶ ከብቱ ተበተነ፣ ግመሉም ሄደ፣ ባለቤቶቹ ሊመቱን ነበር አቦ! ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንገፋለን። ሴቶቹ ይስቁብናል፣ ዱግዱግሌይ ታመመ እንዴ እያሉ።» ይህን ቤታችን ውስጥ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እኔ አባቴን ሲነዳ እንጂ ሲገፋ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ ዝም ብለው መስታወቱን ሲያገላብጡ ቆዩና «የቱ ጋ ነው አሁን ኤጂው?» አሉ። «ዲቲ ነው አደር፣ ቤት አለ» አልኳቸው። «ዲቲውን አላውቀውም። እኔና አባትህ በኤጂ ነው የሠራነው» አሉ።

ጅግጅጋ ተመልሼ የአባቴን የጉዞ ደብተር አወጣሁ። መሥሪያ ቤት ከሚያስረክበው ሌላ ለራሱ የሚገለብጠው ደብተር ነበረው፤ ቀን፣ ቦታ፣ ስንት ብልቃጥ፣ ስንት ከብት፣ ስንት ኪሎ ሜትር። በአጭሩ ላቅርበው። ኤጂ 100 የመሥሪያ ቤቱ ነበር፤ አባቴ በ1993 ዓ.ም. አስረክቦታል። ዲቲው በ1998 ዓ.ም. ከጨረታ የተገዛ ነው፣ ሊብሬውም ይህንኑ ይላል። ክትባት በእሱ ተጭኖ አያውቅም፤ አባቴ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ነው የሄደበት። ከሁሉም የከፋው፣ ዲቲ ከፊቱ ፖርታ ባጋሊዮ የለውም። እጄ የጨበጠው ብረት እዚያ ሞተር ላይ የለም ማለት ነው። እኔ የተወለድኩት ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው።

ደብተሩን ይዤ ወንድም ጋሼ ጋ ሄድኩ። አንብቦ ሲጨርስ አልሳቀብኝም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «ያ እኮ እኔ ነኝ» አለ። «ሰባት ዓመቴ ነበር፤ 1989። አንተ ስታለቅስ እየደጋገምኩ የማወራልህ ተረት ነበር።»

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን ያወቅኩት መምህሩ ያሳዩኝን ጥናት ካነበብኩ በኋላ ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ሺን፣ ኬምፕና ሩቢን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ መንታ እኅትማማቾችና ወንድማማቾች አንዱን ገጠመኝ ሁለቱም «የእኔ ነው» እያሉ እንደሚከራከሩበት አሳይተዋል፤ ነገሩ መንታ ባልሆኑ ወንድማማቾችም ላይ ይታያል። ትዝታው ውሸት አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ነው የተቀያየረው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ፖርቴሊም ተርኒ በተባለች የፋብሪካ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1949 ነበር የተገደለው፤ ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ግን ብዙ ሠራተኛ ወደተባረረበት ወደ 1953 ወሰዱት። ፖርቴሊ ስህተቱን አርሞ አላለፈም፤ ሰዎቹ ሞቱን ለምን እዚያ ዓመት እንደፈለጉት ጠየቀ።

ታዲያ እኔ ለምን ፈለግኩት? አባቴ በእኔ ዕድሜ የቢሮ ሰው ነበር። ወገቡን ታሞ፣ ወንበር ላይ ቅጽ የሚሞላ። ያንን አባት ወንድሜ አያውቀውም ማለት ይቻላል፣ ያኔ ቤቱን ለቆ ነበር። እኔ ደግሞ የወንድሜን አባት አላውቀውም። ስለዚህ ሞተሩን አጥብቄ የያዝኩት እኔ፣ እንዲሸጥ የቆረጠው ደግሞ እውነተኛው ባለ ትዝታ ሆነ። ለእሱ ዲቲው ከጨረታ የተገዛ ብረት ነው፤ ትዝታው ሌላ ሞተር ላይ ነው ያለው፣ ያም ሞተር የት እንደደረሰ አይታወቅም። በርጫው ላይም ልብ ብላችሁ ብታዩ ይህንኑ ታገኛላችሁ። ስለ ዲቲ አጥብቀው የሚከራከሩት ብዙ ጊዜ ወጣቶቹ፣ ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙት ናቸው። ሽማግሌዎቹ የሚያወሩት ስለ ወገባቸው ነው።

እናቴን የጠየቅኳት መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ልጠይቃት ይገባ ነበር፤ የጥናቴ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ሞተር የወንድ ነገር ነው ብዬ ዘለልኳት። «ድምፁን ከታጠፊያው ጀምሬ እለየው ነበር» አለች። «እሱ ሲመጣ እሳት አነዳለሁ፣ ቡና አቀርባለሁ። እናንተ የምታስታውሱት ሲመጣ ነው። እኔ ሳይመጣ ያመሸበትን ነው የማስታውሰው። ያኔ በየመንገዱ ፈንጂ አለ ይባል ነበር። የሰው ሞተር ሲያልፍ እንኳ ልቤ ይወድቅ ነበር። ሽጡት፣ እኔ ምን አገባኝ!» ስለ ናፍቆት ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ ለእናቴ የሚሆን ክፍል አላገኘሁም። የቀረ ሰው ይናፍቃል ይላሉ፤ የመጠበቅ ድካም ግን የት እንደሚመደብ አይናገሩም።

በመጨረሻው ቀን ወንድም ጋሼ ገዢው ሞተሩ መነሣቱን ማየት ይፈልጋል ብሎ መፍቻ ይዞ መጣ። ሸራውን ገፈፍን። ካርቡሬተሩን ፈታን፣ ካንዴላ ቀየርን፣ አዲስ ቤንዚን ከዘይት ጋር በላስቲክ ጠርሙስ በጠበጥን። ስንት ጊዜ እንደረገጥነው አልቆጠርኩም። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ዶሮዎቹ ሸሹ። ወንድሜ ጋዝ እየሰጠ፣ ድምፁን ከሞተሩ በላይ አድርጎ፣ የ1989ኙን ቀን ከመጀመሪያው ነገረኝ። ሁልጊዜ የማውቀው ነው፤ ብረቱ፣ ሣጥኑ፣ ካራማራ። ከዚያ እኔ የማላውቀው መጣ። ወድቀዋል። ጥቁሩ አፈር ላይ ተንሸራተው፣ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ብልቃጥ ተበትኖ። አባባ ብልቃጦቹን ሲለቅም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር አለኝ። «ለእናትህ ትናገርና!» ብሎ አስምሎኛል፤ እኔም ላንተ ሳወራ መውደቁን አልጨመርኩም፣ አለ።

ሞተሩን አጠፋው። ዞር ስንል እማዬ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች።

«ወድቀው መምጣታቸውን አውቃለሁ» አለች። «ሱሪውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ?»